የደፈረሰው ብርጭቆ

ይሄነው የሚባለው የውሃ ማጣሪያ ሻጭ መጀመሪያ ወደ መካነ ሰላም የመጣው በግንቦት፣ የእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ በነበረበት እሑድ ነው። ከደሴ እዚህ ድረስ በዚያ ሁሉ አቧራ መጥቶ ጫማው ያበራ ነበር። ያን ልብ ብዬ አይቻለሁ። ጠረጴዛ አስመጣና ሁለት ብርጭቆ አስቀመጠ፤ አጠገባቸው ደግሞ ከሥሯ አራት የብረት ዘንጎች የተንጠለጠሉባት፣ ገመዷ ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ ሣጥን።

«በውሃው የሚመካ ሰው አለ?» አለ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የግቢያችንን ጉድጓድ ባለቤቴ የኋላሸት ነው በገዛ እጁ የቆፈረው፣ ልጃችን መቅደላዊት ትምህርት በጀመረችበት ዓመት። ዙሪያውን በድንጋይ ገንብቶታል። ክዳኑን ደግሞ እኔ በቁልፍ አስቆልፌዋለሁ፤ ልጅ ይገባበታል፣ ድመት ይገባበታል፣ የማይገባበት ነገር የለም ብዬ። ከጓደኛዬ ከኡምኩልሱም ጋር መናኸሪያው አጠገብ ለምንሸጠው ቀሪቦ ውሃው የሚቀዳው ከዚያ ነበር። ቀሪቦ የገብስ መጠጥ ነው፣ አያሰክርም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ከአውቶቡስ እንደወረደ የእኛን ቤት ይጠይቃል። ስለዚህ ኮራሁ። መቅደላዊትን ልኬ አንድ ጠርሙስ ከጉድጓዳችን አስመጣሁ።

ይሄነው በአንደኛው ብርጭቆ የእኔን ውሃ ቀዳ፣ በሁለተኛው ከራሱ ማጣሪያ የወጣውን። ሁለቱም እኩል የጠሩ ነበሩ። ሣጥኗን ከላያቸው አጋድሞ በየብርጭቆው ሁለት ሁለት ዘንግ ነከረና ሶኬቱን ሰካ።

መጀመሪያ ከአንዱ ዘንግ ጫፍ እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ ነገር ወረደ። ከዚያ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ቡናማው ተግተልትሎ ብርጭቆዬን ሞላውና ከላዩ አረፋ ያዘ። የእሱ ብርጭቆ ግን እንደነበረ ነው፤ ማዶ የተቀመጠው ሰው ፊት በውስጡ ይታያል።

«ወላሂ፣ ይሄን ነው ለሰው ስናጠጣ የኖርነው?» አለች ኡምኩልሱም አጠገቤ፣ ለራሷ ያህል።

ከኋላ አንዲት ሴት፣ ክፉ አስባ አይመስለኝም፣ «ያ ልጅ እኮ…» ብላ አቋረጠች።

ይሄነው ሰማት። የእንዲህ ዓይነት ሰው ጆሮ የተፈጠረው ለዚያ ነው። «ልጅ ታሞብሽ ነበር፣ እህቴ?» አለኝ።

«ሞቷል» አልኩት።

ብርጭቆውን አንሥቶ አፍንጫዬ ሥር አመጣው። ያዘነ ሰው ድምፅ አወጣ፤ ግን የመጨረሻው ወንበር ድረስ እንዲሰማ አድርጎ ነው ያወጣው። «እንግዲህ አትዘኝብኝ። እኔ አይደለሁም የምልሽ፣ ውሃሽ ነው። ልጅሽን የበላው ይሄ ነው።»

ልጄ የኔአለም ሲሞት አራት ዓመቱ ነበር። በመጪው ሐምሌ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነበር። ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳት፤ ሦስት ቀን። ግሉኮስ እንደተሰካለት ነው ያለፈው። ከምን እንደመጣበት ማንም አልነገረኝም፤ እኔም መልሱን ስለምፈራ አልጠየቅሁም። ያን ልጅ ያልፈላ ውሃ አጠጥቼው አላውቅም። ግን ልጅ ነው፤ ከባልዲ ይጠልቃል፣ ዞር ስል ከእንስራው ይቀምሳል። ሁለት ዓመት ሙሉ የትኛው ጣሳ ይሆን፣ የትኛው ቀን ይሆን እያልኩ ኖሬአለሁ። ያ ሰውዬ በስልሳ ሰው ፊት መልሱን ነገረኝ። ነገረኝና ዞሮ መዝገቡን ገለጠ፤ ሰዉም ለማጣሪያ ተሰልፎ ተመዘገበ።

በማግስቱ ጠዋት የኋላሸት ባጃጁን ሳያስነሣ ጉድጓዱን መሙላት ጀመረ። ድንጋይ፣ አፈር፣ ገመዱን ሳይቀር ወረወረበት። «ቆይ» ብለው አልሰማኝም። ልጃችንን ስንቀብር እንኳ እንደዚያ አልተጣደፈም። ከዚያ ጉድጓድ የቀረው ቀድመን የሞላነው አንድ ጀሪካን ብቻ ነበር። እሱንም እንዳይደፋው ጓዳ ውስጥ ከጆንያ ኋላ ደበቅሁት። ለምን እንደደበቅሁት ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ አላውቀውም።

ቀሪቦ ቤቱ ተዘጋ። በሳምንቱ ኡምኩልሱም ሰውየው ለማሳያ ያመጣውን ማጣሪያ ገዝታ ቤቱን ከፈተችውና «ነይ እንጂ፣ ብቻዬን ምን ላድርግ» አለችኝ። ሄድኩ። የሚገባው ሰው ግን ብርጭቆውን ሳያነሣ በፊት «ውሃው የነሱ አይደለም አይደል?» ብሎ እሷን ይጠይቃል፣ እኔ ፊቱ ቆሜ። አንድ ቀን ደግሞ ጎረቤቴ፣ ልጇ እኛ ቤት ውሃ ለምኖ ሲጠጣ ደርሳ ጣሳውን ከአፉ ስትነጥቀው አየሁ። ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት ተውኩ።

በሰኔ መቅደላዊት ለአሥረኛ ክፍል ማጠቃለያ ፈተና ታጠና ነበር። የኬሚስትሪ መጽሐፏ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ሳልፍ አንድ ሥዕል ዐይኔን ያዘው። ብርጭቆ። ብርጭቆው ውስጥ ሁለት ዘንግ። ከዘንጎቹ ሽቦ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኤሌክትሮሊሲስ ነው፣ እማ። አንቺም ተምረሽዋል።»

«ተምሬዋለሁ እንጂ። ፈተናው ላይ ከምርጫዎቹ «ሲ»ን አጥቁሬ አልፌዋለሁ። ምን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም።»

ሳቀችና መጽሐፉን ወደ እኔ አዞረችው። «የኤሌክትሪክ ኮረንቲ ኮረንቲ በሚያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ ኬሚካላዊ ለውጥ ያመጣል ነው የሚለው። ባዶ ውሃ ብዙም አያስተላልፍም። ጨው ነገር ሲሟሟበት ነው። የጉድጓድ ውሃ፣ የምንጭ ውሃ ከድንጋዩ የሚወስደው ማዕድን አለ፤ ያስተላልፋል። የዝናብ ውሃ ግን ምንም የለውም ማለት ይቻላል።»

«ካስተላለፈ በኋላስ?»

«ለውጡ ዘንጎቹ ላይ ነዋ። በአንዱ አረፋ ይወጣል። በሌላው፣ ዘንጉ ብረት ከሆነ፣ ብረቱ ራሱ እየተበላ ውሃው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ይዝግና…»

ሁለታችንም ሥዕሉ ላይ ፈዘዝን።

«ቡናማው ከብረቱ ነው ወይስ ከውሃው?» አልኳት።

«እማ፣ እስቲ ቁጭ በይ» አለችኝ።

አልተቀመጥኩም። ከሰዓት በኋላ የኋላሸት ለምሳ ሲገባ የባጃጁን ባትሪ አስፈታሁት። ከጣራው ጠርዝ ሥር ባልዲ አስቀምጬ የዝናብ ውሃ ያዝኩ፣ ሁለት ሚስማር በሽቦ አሠርን፣ መቅደላዊትን «እጅሽን አርቂ፣ ራቂ» እያልኩ ከባትሪው ጋር አገናኘነው። ይነዝረናል፣ ቤቱ ይቃጠላል ብዬ ነበር። ምንም አልሆነም። ውሃውም ምንም አልሆነ፤ ጥርት እንዳለ ቆመ። ቁንጥር ጨው ጨመርኩበት። ያ አረንጓዴ ክር ዐይኔ እያየ ከሚስማሩ ጫፍ ወረደ። ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ አረፋ። ያው የግንቦቱ ብርጭቆ። ያለቀ ውሃ የለም፣ ያለቀው ሚስማሩ ነው፤ ሳወጣው ጎኑ ተቆራጥሞ ቀጥኗል።

«ብረት ባልሆነ ነገር ብንሞክረውስ?» አለች መቅደላዊት። ያረጁ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋዮች ሰብረን መሃላቸው ያለውን ጥቁር የካርቦን ዘንግ አወጣን፣ አጥበን አደረቅነው። በጨው ውሃ ውስጥ ስንነክረው አረፋ ብቻ ወጣ፤ በረኪና በረኪና ሸተተንና በሩን በረገድኩት። ቡናማ የሚባል ነገር ግን የለም። በመጨረሻ ከጆንያው ኋላ ጀሪካኔን ጎትቼ አወጣሁ። የጉድጓዳችንን ውሃ በብርጭቆ ቀዳሁ። ካርቦኖቹን ነከርን። አረፋ ፍልቅ ፍልቅ አለ። ውሃው እንደጠራ ቀረ።

ያን ጊዜ ነው የተቀመጥኩት። የኋላሸት እንጀራውን በእጁ እንደያዘ ብርጭቆውን ብዙ ጊዜ አየው።

«እና ጉድጓዱን ልክፈተው?» አለ።

«አትክፈተው» አልኩት። «ለተመዘገበው ሰው ማጣሪያ ሊገጥም፣ ሌላም ሊመዘግብ በነሐሴ እመለሳለሁ ብሏል። ይመለስ።»

«ለፖሊስ እንንገር» አለች መቅደላዊት።

«ፖሊስ ምን ይለዋል? ሂድ ይለዋል፤ ይሄዳል።»

እንዲሄድ አልፈለግሁም። ሐምሌን ሙሉ ስለዚያ ሰውዬ ብቻ አሰብኩ። ሁልጊዜ ስጋት እንቅልፍ ይነሣኛል፤ ይኼኛው ግን እንቅልፍ ይሰጠኝ ነበር። ጨው ጨምሬ አጋልጬው፣ ሰው ስቆበት፣ መዝገቡን አጥፎ በሚያበራ ጫማው ቢሄድ ምን ይጎዳዋል? እሱ እኮ እኔን ያጋለጠኝ ስለ ውሃ አልነበረም።

የፍልሰታ ጾም በገባ በአራተኛው ቀን ማርያም ጠበል ለመጠጣት ተሰልፌ ሳለ ሐሳቡ መጣልኝ። ከዚያ ቦታ መምጣቱን አልክድም። ጠበሉ ከድንጋይ ሥር ነው የሚፈልቀው። ከድንጋይ ሥር የሚፈልቅ ውሃ ማዕድን አለው፣ ኮረንቲ ያስተላልፋል። ተራዬ ሲደርስ ጠጣሁ፤ ምልክት የሌለውን ጠርሙስም ሞልቼ ወደ ኡምኩልሱም ሄድኩ። ብርጭቆ እያጠበች ነበር።

«ኡሙ፣ ወንድምሽ ከመካ ያመጣልሽ ዘምዘም አልቋል?»

«ትንሽ አለ። ማን ታመመ?»

«የታመመ የለም።» ነገርኳት። ሁለቱን ውሃ ምን እንደሆነ ሳልናገር እሰጠዋለሁ፤ ዘንጎቹን ይነክራል፤ በገዛ አፉ ቆሻሻ ይላል፤ ከዚያ ምን እንደሆነ እናገራለሁ።

ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ላኢላሃ ኢለላህ። አንቺ ሴት፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ወጣቶቹ ከአዳራሹ በእግሩ አያስወጡትም።»

«እኔም በእግሩ ይውጣ አላልኩም።»

«አልሰጥሽም። ሽማግሌ ጥሪልኝ ብትዪኝ እጠራልሻለሁ። ፊት ለፊት ስደቢልኝ ብትዪኝ ደግሞ እኔን ታውቂኛለሽ፣ አላሳፍርሽም። ዘምዘምን ግን ለዚህ አልሰጥሽም።»

«በእሱ ማጣሪያ እየሠራሽ ስለሆነ ነው» አልኳት።

ጎንበስ ብላ እንደገና ማጠብ ጀመረች። «የኔአለምን ሦስቱንም ቀን አብሬሽ አስታምሜዋለሁ፣ ሰብሌ» አለች። «ይሄን አትበዪኝ።»

ጠበሉን ብቻ ይዤ ተመለስኩ።

የነሐሴው ስብሰባ ዝናብ ስለነበር አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሊቀ መንበራችን ጋሽ ጀብሪል ከፊት ተቀምጠዋል፣ ጎናቸው የማርያም መሪጌታ፣ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ዱላና ጃንጥላ የያዙ ጎረምሶች። ይሄነው ሁለት ብርጭቆውን ደረደረ። ጫማው ጭቃውንም አሸንፎ ያበራል።

«ዛሬስ በውሃው የሚመካ አለ?»

«እኔ አለኝ» አልኩ።

አወቀኝ። «እህቴ፣ ጉድጓዱን ደፈናችሁት አልተባለም እንዴ?»

«ይሄ ሌላ ነው።»

«ጀግና ናት፣ አትማርም» አለ ወደ ሰዉ ዞሮ፤ ትንሽ ተሳቀ። ጠበሉን በአንዱ፣ የራሱን ውሃ በሌላው ቀዳ፣ ዘንጎቹን ነከረ፣ ሶኬቱን ሰካ። መቅደላዊት ባትሪውን በቅርጫት ታቅፋ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች፤ በኋላ ስጠራት እንድታቀርብ የነገርኳት ናት። በቅርጫቱ ውስጥ ካርቦኖቹና የጉድጓዱ የመጨረሻ ውሃ አሉ። ጠበል መያዜን ግን አልነገርኳትም።

ክሩ ወረደ። ቢጫ። ቡናማ። አረፋ።

«አያችሁ?» አለ ብርጭቆውን ወደ ላይ አንሥቶ። «ይሄን እኔ ለውሻ አልሰጥም። የከብት እጣቢ ነው። ይሄን የሚጠጣ ሰው አንጀቱ በቁሙ በስብሷል። እስቲ ከየት ነው የቀዳሽው፣ ለሰዉ ንገሪው።»

ሁሉም እኔን አየ። አፌ ላይ አንድ ቃል ነበር፣ ሌላ ምንም አይጠበቅብኝም።

እኔ ክፉ ነገር ከመሆኑ በፊት ይታየኛል። ሁልጊዜ ይታየኛል፤ መኪናው ሲገለበጥ፣ ምድጃው ሲፈነዳ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ ስትቀር። ያን ቀን ግን የሚታየኝን ነገር ወደድኩት። መሪጌታ ሲነሡ ታየኝ። ከኋላ ያሉት ወንበር እየዘለሉ ሲመጡ፣ ጠረጴዛው ሲገለበጥ፣ ነጩ ሸሚዝ ሲቀደድ። ያ ጫማ እግር ሳይኖርበት ወለሉ ላይ ተጋድሞ ታየኝ። እያየሁት ደስ አለኝ። ቃሉን ልተፋ አፌን ከፈትኩ።

መቅደላዊት ግን በእነሱና በጠረጴዛው መካከል ቆማለች። ቅርጫቱን በሁለት እጇ አቅፋለች፣ መንገድ መልቀቂያ የላትም። ከኋላ የሚመጣው ሰው ሁሉ በእሷ ላይ ነው የሚያልፈው። እሷም ታየችኝ።

ለይሄነው ብዬ አይደለም። ማንም ይሄን እንዳይሳሳት። ተጠግቼ በጆሮው ነገርኩት።

«የማርያም ጠበል ነው። ከኋላ ያሉትን ልጆች ታያቸዋለህ? አንድ ቃል ነው የቀረኝ።»

ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጠው። «ምን ላድርግ?» አለኝ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«የምልህን።»

«ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?» አሉ ጋሽ ጀብሪል።

«አቶ ይሄነው አንድ ነገር ሊያሳየን ነው፣ ጋሼ» አልኩ። ከነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ያመጣሁትን ጨው ፈትቼ መዳፉ ላይ አደረግሁለት። «የራስህ ውሃ ላይ ጨምረው።»

ጨመረና ዘንጎቹን መልሶ ነከረ። የእሱ የጠራ ውሃ፣ ያ ፊት የሚታይበት፣ ዐይናችን እያየ ደፈረሰ። አዳራሹ አጉረመረመ።

«ይሄ ምንድን ነው? ጨው ነው የጨመርክበት ወይስ መርዝ?» አሉ ጋሽ ጀብሪል።

«ጨው ነው።»

«ታዲያ እኛ ወጥ ውስጥ ስንጨምረው ለምን አይደፈርስም?»

ሰው ሳቀ። መቅደላዊት ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ጋሼ፣ ጨው ውሃውን ኮረንቲ እንዲያስተላልፍ ያደርገዋል» አለች። «ኮረንቲው ሲያልፍ ብረቱ እየተበላ ውሃው ውስጥ ይገባል። በብረቱ ፈንታ ሌላ ነገር ብናደርግ አይደፈርስም።» ባትሪውን አወጣች፣ የጉድጓዳችንን ውሃ ቀዳች፣ ካርቦኖቹን ነከረች። መሪጌታ ሳይቀሩ ተነሥተው ጎንበስ ብለው አዩ። አረፋ ፍልቅ ፍልቅ አለ። ውሃው እንደጠራ ቆየ።

«እና ቡናማው ከየት ነው?» አሉ ጋሽ ጀብሪል፣ አሁን ሳይቀልዱ።

«ከብረቱ ነው» አለ ይሄነው።

«ድምፅህን ከፍ አድርገው፣ የኔ ጌታ» አለች ኡምኩልሱም ከተቀመጠችበት። «እንደ ጫማህ ይሁን።»

«ከብረቱ ነው። ከማጣሪያ የሚወጣ ውሃ ጨው ስለሌለው አይደፈርስም። ከዘንጎቹ ነው የሚመጣው።»

«ልጅሽን የበላው ይሄ ነው ብለኸኛል» አልኩት።

«ብያለሁ።»

«እሺ አሁን በል።»

ጠረጴዛውን አየ። «ውሸቴን ነው። ያ ቡናማ ነገር የብረት ዝገት ነው። ልጅሽን አልገደለም።»

የኋላሸት በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶታል። ኮፍያውን አወለቀና በሁለት እጁ ያዘው። ሦስት ወር ሙሉ የጠበቅሁት ቃል ነው፤ ሲመጣ ግን እንዳሰብኩት አላሳረፈኝም። ጋሽ ጀብሪል ደግ አስበው፣ ጨምረው ጠየቁት፦ «ስለዚህ የእነ ሰብሌ ጉድጓድ ውሃው ንጹህ ነው ማለት ነው?»

ይሄነው ወደ እኔ ተመለከተ። ምን እንድል ትፈልጊያለሽ እያለኝ ነው። ምልክት ብሰጠው ንጹህ ነው ይል ነበር፣ አውቃለሁ። አልሰጠሁትም።

«አላውቅም» አለ። «ይሄ ሣጥን ስለ በሽታ ምንም አይናገርም። ንጹህም ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። አይቶ የሚያውቀው ሌላ ምርመራ ነው።»

ከአፉ የወጣው የመጀመሪያው እውነት እሱ ነበር፤ የወጋኝም እሱ ነው። የልጄን ደም ከእጄ ላይ እንዲያነሣልኝ ነበር የመጣሁት። ያደረገው ነገር ከግንቦት በፊት ወደነበርኩበት ቦታ እኔን መመለስ ብቻ ነው፤ የትኛው ጣሳ ይሆን፣ የትኛው ቀን።

ብርጭቆዎቹን ይሰበስብ ጀመር። ጠበሉን ወደ ባልዲው ሊገለብጠው ሲል የእጁን አንጓ ያዝኩት።

«አይደፋም» አልኩት።

«ምን ላድርገው?»

«ጠጣው።»

ሰው ሰምቶ ሳቀ፤ «አዎ ይጠጣው፣ ብረት ነው አለ እኮ» አለ አንዱ። ለእነሱ ቀልድ ነው። እሱና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። ብርጭቆውን አነሣ። ለውሻ አልሰጥም ያለውን፣ እጣቢ ያለውን፣ አረፋው ከንፈሩ ላይ እየተለጠፈ ደጋግሞ ተጎነጨ። ግማሽ ላይ ሳል ያዘው። ዐይኑ እንባ ሞላ፤ እኔም ዐይኔን ከዐይኑ ሳላነሣ ጠበቅሁት። ከዚያ የቀረውን ተቀብዬ እኔው ጨለጥኩት። ሚስማር ሚስማር ይላል። ጠበል የቀዳሁት ለምን እንደሆነ ማርያም ታውቃለች፤ ግማሹ የእኔ ድርሻ ነው።

ኡምኩልሱም ብርጭቆውን፣ ከዚያ እኔን አየች። ገባት።

በዚያው ቀን የተመዘገበው ሁሉ ስሙን አስፋቀ። የኋላሸት ጉድጓዱን ለመክፈት ዘጠኝ ቀን ፈጀበት፤ ድንጋዩን ሲያወጣ ሲዘፍን ሰማሁት። ናሙና ለምርመራ ልከናል። ንጹህ ነው ቢሉን እንኳ የሚነግሩን ስለ ዘንድሮ ውሃ ነው፤ ያን ሐምሌ የነበረውን ውሃ ማንም አይመረምርልኝም። ስለዚህ አሁንም አፈላለሁ። አቀዘቅዝና አንዳንዴ እንደገና አፈላለሁ። ቀሪቦ ቤቱ ተመልሰን ገብተናል።

«አሁንስ ወጣልሽ?» አለችኝ ኡምኩልሱም አንድ ቀን፣ እንስራ እያነሣን።

«አልወጣልኝም።»

«እንደሱ ነው የመሰለኝ። ሰውዬሽ በሚቀጥለው ሳምንት ከላላ ከተማ ነው አሉ። በገበያው ቀን።»

በዚያው ከሰዓት መቅደላዊትን ወረቀትና እስክሪብቶ አስያዝኳት። አምስት መስመር በቂ ነበር፦ በሻጩ በራሱ ውሃ ላይ ጨው ጨምሩ፣ ብረቱን በእነዚህ ቀይሩት፣ ከዚያ እዩት። በፌስታል ውስጥ ሁለት የካርቦን ዘንግና ቁንጥር ጨው በወረቀት ጠቅልለን ጨመርን። ከላላ በበቅሎ ገብስ ጭና የምትሄድ አንዲት ደንበኛችን አለች፣ ለእድራቸው ሊቀ መንበር እንድታደርስ ሰጠኋት። ለማሻ እድር ደግሞ ሌላ አዘጋጅተናል። ስለ ጠበሉ አልጻፍንም። እሱን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ፤ ይሄነውም ሲተኛ እንደሚያስበው እርግጠኛ ነኝ።

ከላላ ላይ ብርጭቆዎቹን ሲደረድር አንዲት አሮጊት ከፊት ተነሥተው ጨው የቋጠሩበትን ጨርቅ እንደፈቱለት ሰማን። ሶኬቱን ሳይሰካ ሰብስቦ ሄደ አሉ።

«እማ፣ እስከ መቼ ነው የምንልከው?» አለች መቅደላዊት፣ ሌላ የባትሪ ድንጋይ እየሰበረች።

የሰኔውን ሚስማር አሁንም መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ። መሃሉ ተበልቶ እንደ መርፌ ቀጥኗል። አነሣሁና አሳየኋት።

«የሱም ዘንጎች እስኪያልቁ» አልኳት።